የሁለት ግራር ርክክብ

አቶ ተካልኝ ስለ ሁለት ግራር የባቡር ማቆሚያ የጻፉትን ሁለት ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ እርሳስ አነሳሁ። ጽሑፉ የወጣው የቀድሞ የባቡር ሠራተኞች እዚህ ሜልበርን፣ ፊትዝሮይ ሰፈር ለሚያደርጉት ዓመታዊ ስብሰባ በሚያሳትሟት ቀጭን መጽሔት ላይ ነው። አዘጋጆቹ በመጨረሻው ገጽ «እርማት ያለው ሰው ይላክልን» ብለዋል። ይህን ግብዣ ለእኔ ባያቀርቡ ይሻላቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ የሚያባርረኝ አለቃ የለም።

የአቶ ተካልኝን ስም በአክብሮት እጽፋለሁ። አክብሮቱ ለዕድሜያቸው ነው።

ማቆሚያውን ያቋቋሙት እሳቸው እንደሆኑ ጽፈዋል። ግራሮቹንም የተከሉት እሳቸው ናቸው። ግራር ሰው የሚተክለው ዛፍ መሆኑን በስድሳ ስምንት ዓመቴ ከእሳቸው ተማርኩ። እውነቱን ለመናገር አቶ ተካልኝ የሠሩት ከእኛ በስተምሥራቅ፣ ድሬዳዋ ባለው ትልቅ ጣቢያ፣ ስልክ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ግራርን ያዩት በባቡር መስኮት ነው፤ እሱም በትክክለኛው በኩል ተቀምጠው ከሆነ።

ይህን ሁሉ በሳቅ አለፍኩት። ያላለፍኩት በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ያለውን ምስጋና ነው። «የማቆሚያው ኃላፊ አቶ ሽብሩ» ይላል፣ «የወላጅ እናታቸውን ዕረፍት ሰምተው፣ ባቡር ቆሞላቸው፣ ሥራዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። የዚያ ዘመን የሥራ ፍቅር እንዲህ ነበር።»

የአቶ ሽብሩ ልጅ ሙሉ ሰንሻይን ዌስት ትኖራለች። ከእኔ ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ያሳደጓት አያቷ ናቸው፣ እኚያው የሞቱት። አባቷ እናቱን ሳይቀብር መቅረቱን ከልጅነቷ ጀምሮ አክስቶቿ ሲያወሩ ሰምታለች። ሳሎኗ ውስጥ የእናቷ ፎቶ አለ፣ የአያቷ አለ፣ የአባቷ የለም። አሁን ደግሞ ነገሩ ታትሞ መጣላት። እኔ ያን ቀን እዚያ ነበርኩ። የሆነውን ከአቶ ተካልኝና ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ ሰው አያውቀውም፤ ለአርባ ዓመት ያህልም አልተናገርኩም።

ልጄ ሔለን ስነግራት «ማም፣ ኢትስ ኦልድ ሂስትሪ» አለችኝ። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ያረጀ ታሪክ ነው ማለቷ ነው። ያረጀ ታሪክ ካልተታረመ አዲስ መጽሔት ላይ ይወጣል አልኳት። ስልኳን ማየት ጀመረች።

ሁለት ግራር ጣቢያ አልነበረም፤ ማቆሚያ ነበር። ጣቢያ ላይ ባቡር ይቆማል። ማቆሚያ ላይ ባቡር የሚቆመው ካስቆሙት ብቻ ነው። ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው ሜዳ መሃል የቆርቆሮ ጣራ ያላት አንድ ክፍል፣ ጉልበት የማይደርስ የድንጋይ መድረክ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ የውኃ በርሜልና አንድ ግራር ነበረን። ሁለተኛው ግራር እኔ ከመድረሴ በፊት ወድቋል። ስሙን ለማስተካከል የደከመ ሰው አልነበረም። ባቡሩ በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ድሬዳዋ ያልፋል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ተሳፋሪ ካለ ቀይ ባንዲራ እናሳያለን። ከሌለ አረንጓዴ እናሳያለን፤ ሾፌሩም እጁን አውጥቶ ሰላምታ ሰጥቶን ይሄዳል።

የተመደብኩት በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ደብዳቤው «ረዳት» ይላል። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም፤ እሱም ብዙ የሚባልለት አልነበረም። ቢሮ ውስጥ ስልክና ማራገቢያ ያለበት ሥራ እንደሚሰጠኝ ተነግሮኝ ነበር። ስልኩ እውነት ነበር።

ጋሼ ሽብሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸውን ለእንቅልፍ ብቻ የሚያወልቁ ሰው ነበሩ። ቤተሰባቸው ድሬዳዋ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ሄደው ይጠይቃሉ። ስልክ ከማንሳታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ስልኩ ይጮኻል፣ እሳቸው ይታጠባሉ።

«ጋሼ ሽብሩ፣ ይዘጋል እኮ» አልኳቸው በመጀመሪያው ሳምንት።

«የቸኮለ ሰው መልእክት ያበላሻል። ይዝጋና ተረጋግቶ ይደውል።»

የሰሙትን እየጻፉ ለደወለው ሰው መልሰው ያነቡለታል። ሰውየው «አዎ» ካለ በኋላ እንደገና ያነቡለታል። በሦስተኛው ብዙዎቹ ይምላሉ። ከዚያ በኋላ ነው መዝገቡ ላይ በቀለም የሚሰፍረው። ቀዩን ባንዲራ በቀኝ ብብታቸው፣ አረንጓዴውን በግራ ብብታቸው ይይዛሉ። «ሁለቱን በአንድ እጅ የያዘ ሰው አንድ ቀን እጁ ይሳሳታል» ይሉኝ ነበር። የፋኖስ ብርጭቆ በአመድ ይታሻል፣ በደረቅ ወረቀት ይወለወላል፣ ከዚያ ወደ ፀሐይ ይዞ ማየት ነው። የጣት አሻራ ካሳየ እንደገና ከአመዱ ይጀመራል። ስድስት ወር ሙሉ ጣቴ ሲታይ ነበር።

በሁለተኛው ወር አንዲት አሮጊት መጥተው ባቡሩን አስቁሚልኝ አሉኝ። ቀዩን አሳየሁ፤ ባቡሩ እየተንገጫገጨ ቆመ። አሮጊቷ ወደ ሾፌሩ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ በመንገድህ ላይ ግመል አላየህም?» አሉት። ሾፌሩ አይቻለሁ አለ፣ ቦታውንም ነገራቸው። አመስግነው በእግራቸው ሄዱ። ጋሼ ሽብሩ መዝገቡን ከፈቱና «ምክንያት፦ ግመል» ብለው ጻፉ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ያን መስመር አየው።

«ግመል አሳፈራችሁ?»

«አላሳፈርንም» አሉት ጋሼ ሽብሩ። «ተጠይቆ ነው።»

ተቆጣጣሪው ጥቂት አስቦ ፈረመበት። መዝገብ ላይ ከሰፈረ ነገር ጋር ማን ይከራከራል።

ዋናው ነገራቸው ግን ርክክብ ነበር። ለወር ፈቃዳቸው ሲሄዱ ማቆሚያውን ለእኔ ያስረክባሉ። አሥራ ዘጠኝ ዕቃ ነው ያለን። እያንዳንዱን በእጃቸው ይነካሉ፣ ስሙን ይጠራሉ፣ ያለበትን ሁኔታ ይናገራሉ፤ እኔ ነክቼ እደግማለሁ። «ወንበር፣ አንድ። እግሩ ሦስት። አራተኛው ድንጋይ ነው።» እነካለሁ። «ድንጋዩንም ንኪው።» እሱንም እነካለሁ። ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ «ድመት፣ አንዲት፤ የመሥሪያ ቤቱ ያልሆነች፣ ነገር ግን በግቢው የምትኖር» ትላለች። ድመቷን ለመንካት ብቻ ሩብ ሰዓት የፈጀብን ቀን አለ። ለዚህ ሲሉ የሚጀምሩት በዋዜማው ነበር።

ይህን ልማድ ይዤ ሜልበርን ድረስ መጥቻለሁ። በሱዳን አድርጌ እዚህ ስደርስ መጀመሪያ ሰንሻይን የዶሮ ፋብሪካ ገባሁ፣ ከዚያ ባቡር ጽዳት፣ በመጨረሻ በአንድ የምዕራብ ሰፈር ጣቢያ ፕላትፎርም ላይ ቆምኩ። በዊልቼር ለሚመጣ ሰው ራምፕ የሚሉትን መወጣጫ ማውጣትና ማስገባት ዋና ሥራዬ ነበር። ሱፐር ስለሚሉት የጡረታ ቁጠባና ስለ ፎርሙ አሞላል ሌላ ሰው ይጻፍ። አለቃዬ ክሬግ የሚባል ልጅ ነበር። ሺፍት ስንቀያየር «ኦል ጉድ?» ይለኛል። «ኦል ጉድ» ማለት አለብኝ። ርክክቡ ይኸው ነው። እኔ ግን ደብተር አውጥቼ ራምፑን ነክቼ፣ ቁልፉን ነክቼ አስፈርመው ነበር። «የዘነበች ሙዚየም» ብለው ስም አወጡለት። «ቲኬቱ ስንት ነው?» የሚል ነበር።

አንድ ቀን ራምፑ ጠፋ፤ ክሬግም በሰው ፊት «የመጨረሻዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። ደብተሬን ከፈትኩለት፦ «ራምፕ፣ አንድ፤ አንዱ ጎማ የላላ፤ የተረከበው ክሬግ፣ ፊርማ።» ራምፑ ማዶ ባለው ፕላትፎርም፣ እሱ ራሱ ያቆመው ቦታ ተገኘ። ይቅርታ አልጠየቀኝም። ጡረታ ስወጣ ኬክ አምጥቶ ነበር፤ ስሜን ኬኩ ላይ «ዘንባ» ብሎ አስጽፎታል። ቆርጬ ስሙ ያለበትን ቁራሽ ለእሱ ሰጠሁት።

አሁን ወደዚያ ቀን፣ መርዶው ወደመጣበት ሐሙስ ልመለስ። ስሸሸው ነው እዚህ የደረስኩት።

ጋሼ ሽብሩ ሐዲዱ ላይ የተከመረ አሸዋ ሊጠርጉ ራቅ ብለው ሄደዋል። ስልኩ ሰባት ሰዓት ላይ ጮኸ። እጄን ታጥቤ አነሳሁ። አቶ ተካልኝ ናቸው።

«ዘነበች፣ ሽብሩ አጠገብሽ ነው?»

«የሉም፣ አሸዋ እየጠረጉ ነው።»

«እናቱ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። በዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ይምጣ። እንዳትነግሪው ግን።»

«ካልነገርኳቸው እንዴት ይሄዳሉ?»

«መርዶ በስልክ? በሴት ልጅ አፍ? ከመንገድ ላይ? እዚህ ሽማግሌዎች ይጠብቁታል፤ ንጋት ላይ በወጉ ይነገረዋል። አንቺ ብቻ አሳፍሪው። አንድ ሰበብ አታጪም።»

«መልእክቱን መዝገብ ላይ ላስፍረው?»

«ካሰፈርሽው አያነበውም እንዴ?»

ያነቡት ነበር። በየሰዓቱ ያነቡታል። ስለዚህ አልጻፍኩትም፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያልመዘገብኩት መልእክት ያ ብቻ ነው። ወጉ ትክክል መስሎኝ ነበር። ለብቻው ያለ ሰው፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ «እናትህ ሞተች» አይባልም። ይህን ዛሬም አምናለሁ። ጥፋቴ ያ አይደለም።

ጥፋቴ የውሸት ምርጫዬ ነው። ልጅዎ አመማት ብል ይደነግጣሉ አልኩ። ሠርግ አለ ብል ወቅቱ ጾም ነው። እምቢ የማይሉት ትእዛዝ ነው ብዬ አሰብኩና አሸዋቸውን ጠርገው ሲመጡ «ዋናው ቢሮ ተዛውረዋል ብሏል፤ በዛሬው ባቡር ይምጡ» አልኳቸው። በዓለም ላይ ካሉት ውሸቶች ሁሉ ለዚያ ሰው ፈጽሞ የማይሆነውን መረጥኩ። አብሬያቸው ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ማወቅ ነበረብኝ።

«ዝውውር» አሉ ጋሼ ሽብሩ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ። «እንግዲያው ርክክብ አለ።»

«ሲመለሱ ይደርሳል።»

«የተዛወረ ሰው ይመለሳል እንዴ?»

የዝውውር ርክክብ ደግሞ የፈቃዱ ዓይነት አይደለም። በሦስት ቅጂ ይጻፋል፣ ሦስት እማኝ ይፈርምበታል። ቅጂዎቹን በካርቦን ሳይሆን በእጃቸው ጻፏቸው፤ ካርቦን ይደበዝዛል። እማኝ ፍለጋ ሁለት ፍየል ጠባቂዎችና አንዲት ወተት ሻጭ ጠርተን፣ በአውራ ጣት ስለሚፈርሙ ቀለም በጠበጥን። መንካት የጀመርነው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔ ቶሎ ቶሎ ስነካ «ረጋ በይ» ይሉኛል።

ባቡሩ ከሩቅ ሲታይ ተራ ቁጥር ስድስት ላይ ነበርን፤ ተራ ቁጥር ስድስት ደግሞ ቀይ ባንዲራ ነው።

«ባንዲራ፣ ቀይ፣ አንድ። ጫፉ የተተለተለ።»

«ጋሼ ሽብሩ፣ ይልቀቁልኝ፣ ባቡሩ እየመጣ ነው።»

«ነክተሻል?»

«ነክቻለሁ።»

ሮጬ አስቆምኩት። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። «ማነው የሚሳፈር?»

«ጋሼ ሽብሩ ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠብቀን።»

ጠበቀ። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ተደርድረው ያዩን ጀመር። እኛ በርሜሉ ጋ ነን፤ በርሜሉ ምን ያህል ውኃ እንዳለው በእንጨት እየተለካ ነው። ከመስኮት አንዱ «እኔ ልቁጠርላችሁ?» አለ። ሌላው «ሰውዬው ሐዲዱንም ሊያስረክብ ነው» ሲል ፉርጎው ሁሉ ሳቀ።

«ሽብሩ» አለ ሾፌሩ፣ «ትሳፈራለህ አትሳፈርም? ከፊቴ የሚጠብቀኝ ባቡር አለ።»

«ተራ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ነኝ።»

እጃቸውን ያዝኩ። እጃቸውን ይዤ አላውቅም ነበር። «ጋሼ ሽብሩ፣ በእግዚአብሔር፣ ይሂዱ። እኔ ምንም አይጎድልብኝም።»

«ዘነበች» አሉ ቀስ ብለው፣ «ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ይህን የማደርገው ለአንቺ ነው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። አፌን ከፈትኩ፤ እማኞቹ እያዩኝ ነው፣ ፉርጎ ሙሉ ሰው እየሳቀ ነው፤ በዚያ ሳቅ መሃል መርዶ እንዴት ይነገራል ብዬ ዘጋሁት። ሾፌሩ ፊሽካውን ነፋ። ባቡሩ ሲሄድ ጋሼ ሽብሩ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። «ፋኖስ» አሉ፣ «አንድ። ብርጭቆው ንጹሕ።»

በማግስቱ ንጋት ላይ፣ ቢያንስ ይህ በወጉ ይሁን ብዬ፣ ከመንደሩ ሦስት ሽማግሌ አምጥቼ አስነገርኳቸው። ቁጭ ብለው ሰሙ። «ቀብሩ መቼ ነው?» አሉ። «ዛሬ ስድስት ሰዓት» አሏቸው። የሚቀጥለው ባቡር ሰኞ ነው፤ መኪና መንገድ በእግር የቀን ጉዞ ነው። ካለቀሱ በኋላ ተነሥተው መዝገቡን ከፈቱና የሐሙስን ገጽ አነበቡ። ሰባት ሰዓት ላይ ምንም የለም። ወደ እኔ አዩ። መዝገቡን ዘጉት።

በሳምንቱ ተቆጣጣሪው መጣ፤ የቤተሰቡ ቅሬታ ደርሶት ነበር። «ተነግሮህ ነበር ወይ?» አላቸው። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። አልተነገረኝም ቢሉ መዝገቡ ይከፈታል፤ መልእክት ተቀብሎ ያልመዘገበ ሠራተኛ በዚያው ቀን ይባረራል።

«ተነግሮኝ ነበር» አሉ ጋሼ ሽብሩ። «ሥራ ያዘኝ።»

እኔን ስለዚያ ጉዳይ የተናገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱንም ፋኖስ እየወለወሉ። «ማንኛውም የስልክ መልእክት ይመዘገባል። መርዶም ቢሆን።» ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። አላመሰገንኳቸውም። ምን ብዬ ላመስግን? እኅቶቻቸው አላናግር ብለዋቸው፣ ልጃቸው ስታድግ ፊት ነሥታቸው ሞቱ።

ማቆሚያውን አቶ ተካልኝ «በዚያ ጊዜ በተፈጠረ የአሠራር ጉድለት» ተዘጋ ብለው ጽፈዋል። ሁለት ግራርን ማንም አልዘጋውም። ባቡሩ ከሳምንት ወደ ወር ሄደ፣ ከዚያ መምጣት ተወ፤ አዲሱ ባቡር በሌላ በኩል አለፈ። የመዝጊያ ደብዳቤ እንኳ አልተጻፈለትም። በቅርቡ ያየሁት ፎቶ ላይ ጣራው የለም፣ መድረኩ ላይ ፍየሎች ተኝተዋል። ርክክብ ሳይደረግ የተተወ መሥሪያ ቤት ይኸው ነው።

ማክሰኞ ዕለት ባቡር ይዤ ፊትዝሮይ አቶ ተካልኝ ቤት ሄድኩ። ሻይ አቀረቡልኝ። አልነካሁትም።

«ጋሼ ተካልኝ፣ ይህን ለምን ጻፉ?»

«ለምስጋና ነው የጻፍኩት። ምኑ ይከፋል?»

«እንዳትነግሪው ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ አሳፍሪው አልኩ እንጂ ተረከቢው አላልኩም።»

እውነታቸውን ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሙሉ አንብባዋለች?» አሉኝ። አንብባዋለች አልኳቸው። ሻያቸውን ሲያማስሉ ቆዩ። «ጥሩ ሽማግሌ ፈልገን እንላክባት ይሆን?»

«በሽማግሌ የመጣው ይበቃናል» ብዬ ተነሣሁ። በር ድረስ ሸኙኝ። እርማቱ ላይ የእሳቸውም ስም እንዲገባ ጠየቅኋቸው። አሰቡበት። «ባቡሩ የቆመው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው» አሉ፤ ያን ቀን ስልኩ ጋ ሆነው ቆጥረውታል። «እሱን ከጻፍሽ ስሜንም ጻፊ።» ጽፌያለሁ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ።

ሙሉ ቤት የሄድኩት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። መጽሔቱ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተገልብጦ ተቀምጧል። ብቻዬን ነበርኩ፣ ሰበብም አላዘጋጀሁም። ገና ሳልቀመጥ «አባትሽ አልሰማም ነበር። የደበቅሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ከዚያ ከስልኩ እስከ ተቆጣጣሪው ያለውን ነገርኳት። በርሜሉ ጋ ስደርስ ፊቷ ሊስቅ ፈልጎ ተመለሰ።

መጽሔቱን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ተነግሮኝ ነበር ያለው ለእርስዎ ብሎ ነው?»

«ለእኔ ብለው ነው።»

«ለእኔስ? እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። አያቴ ሳጥን ውስጥ ሆና በር በሩን አይ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም» አለችኝ። ልክ ናት። ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ መጋረጃውን ያለ ምክንያት አስተካከለች።

«አንድን ሰው አርባ ዓመት መጥላት ቀላል አይደለም፣ እትዬ ዘነበች። ለምጄው ነበር። አሁን እሱን ትቼ እርስዎን ልጠላ ነው ማለት ነው። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።»

«ውሰጂ» አልኳት። «ጡረታ ላይ ነኝ።»

ወደ በሩ ስሄድ አልተከተለችኝም። መዝጊያውን ይዤ ሳለሁ ነው ከኋላዬ የተናገረችው።

«እሑድ ግን ምሳ ይምጡ። የሚጠሉትን ሰው በስልክ መጥላት ደስ አይልም።»